ጸሎት ተሻላት ወይ

የሺዓለም ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ሊወረወር በሚችል ዕቃ ላይ ነው። ብርጭቆው የት ተቀመጠ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ማን እጅ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ሹካ ተረስቷል ወይ። ይህን ልማድ ያመጣባት ልጇ ጸሎት ናት። ጸሎት አራት ዓመት አልፏታል፤ ድምቡሽቡሽ ያለች፣ ስትስቅ ሁለቱም ጉንጮቿ ስርጉድ የሚሉ፣ ያያት ሁሉ «ስታምር!» ሳይል የማያልፋት ልጅ ናት። «ስታምር!» ያላት ሰው ግን ግማሽ ቀን አብሯት ከዋለ በኋላ ሁለተኛ አይጠራትም።

ቤታቸው ውቤ በረሃ ነው። ጥንት መጠጥ ቤት የነበረ፣ ኋላ ቀበሌ ወርሶት በችፑድ እየከፋፈለ ያከራየው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ አሮጌ ቤት አለ፤ ከክፍሎቹ አንዱ የእነሱ ነው። ባሏ እምሩ ወርቅ ሠሪ ነው። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ፣ ከመደብሩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ዓይኑ ማጉያ ሰክቶ የሰው ቀለበት ሲያጠብና ሲያሰፋ ይውላል። እሷም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ካሸር ነበረች። ከባንኮኒው ጥግ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ማኪያቶና ሚልፎሊ ላዘዘ ሁሉ ፈገግ ስትል ለሚያያት፣ ጭንቅ የሚባል ነገር ደጇን ረግጦ የማያውቅ ሴት ትመስላለች። ከባንኮኒው ሥር ያስቀመጠችው ስልክ በጠራ ቁጥር ግን ልቧ ስንጥቅ ይላል። የሚደውለው አንድም የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ነው፣ አንድም ከሰዓት በኋላ ጸሎትን የሚጠብቁላት ጎረቤቷ እትዬ ከዲጃ ናቸው።

እትዬ ከዲጃ የሚኖሩት ከችፑዱ ማዶ ነው። ከወሎ በሙሽርነት መጥተው እዚሁ ግቢ ልጆች ያሳደጉ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ሲወጡ ብቻቸውን የቀሩ አሮጊት ናቸው። «ልጅ ነች፣ ያልፍላታል» ይላሉ። የሺዓለምም ለረጅም ጊዜ ያልፍላታል ብላ ጠብቃለች።

አላለፈላትም። ጸሎት እንቢ ስትባል እንደ ሌላ ልጅ አልቅሳ አትተውም። ትናከሳለች፤ እጇ የገባውን ትወረውራለች፤ የሚወረወር ስታጣ የገዛ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። አንዴ ከተነሳባት ሊያባብላት የሚሞክር ሁሉ እሳቱ ላይ ጋዝ ይጨምራል። አንድ ክርስትና ላይ ሊባርኳት ጎንበስ ያሉትን የነፍስ አባት ጣት ነክሳ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አፉን በእጁ እስኪይዝ አድርሳለች። የእምሩ እናት «ይህማ የጤና አይደለም» ብለው ጠበል ወሰዷት። እዚያ በሰነበቱበት ጊዜ ጸጥ ብላ ከረመች፤ ዳነች ተባለ፤ ቤቷ በገባች ማግስት የእትዬ ከዲጃን መስታወት አደቀቀችው። የሺዓለም ልጇን መትታታለች፤ መትታት ደግሞ ራሷ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። ከረሜላ ገዝታላታለች። ለምናታለች። ሁሉም ለአንድ ቀን ይሠራና በማግስቱ እንዳልነበር ይሆናል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አቶ በርሄ ቢሯቸው አስጠሯት። ረጋ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ግን የአንዱን ልጅ ጉንጭ ነክሳ አድምታዋለች። አባቱ እዚህ ድረስ መጥቶ ጮኸብኝ። ወላጆቹ ተሰብስበው ወይ እሷ ወይ እኛ ብለውኛል።»

«ታዲያ የት ልውሰዳት?» አለች የሺዓለም።

«ትንሽ ጊዜ እሰጥዎታለሁ። አምስት ኪሎ አንድ ክሊኒክ ትንንሽ ልጆችን ከነወላጆቻቸው የሚያሠለጥን ፕሮግራም ጀምሯል አሉ። እነሱ ለውጥ አለ ብለው ከጻፉልኝ ወላጆቹን የማሳምንበት አፍ አገኛለሁ።»

ክሊኒኩ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። ኮሪደሩ በእናቶች ተሞልቷል፤ አንዱ ልጅ ወንበር ላይ ይዘላል፣ ሌላው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይጮሃል። የሺዓለም እንደገባች እንባዋ መጣ። የእሷን ዓይነት ልጅ ያለው ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበርና።

የተቀበለቻቸው ጽዮን የምትባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ነጭ ጋውን አትለብስም፤ ሸራ ጫማ አድርጋ ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር ነው የምትቀመጠው። የሺዓለም «ዶክተር» ስትላት «ዶክተር አይደለሁም፣ ጽዮን ይበሉኝ» አለቻት። የሺዓለም ግን እስከ መጨረሻው ዶክተር ነበር የምትላት።

«ሕክምናውን ከመጀመራችን በፊት አሁን ያለችበትን እንለካለን» አለች ጽዮን። «በመሃል እንለካለን፣ ስንጨርስ እንለካለን። ከጨረስን ወራት ካለፉ በኋላም ጠርተናችሁ እንለካለን። አለበለዚያ ረዳናት አልረዳናት ማወቂያ የለንም።»

«በምንድን ነው የሚለካው?» አለ እምሩ። ሲመዝን የሚውል ሰው ነውና ነገሩ ሳበው።

«ትኩሳት ቢሆን ቴርሞሜትር ነበረን። ለጠባይ ግን መለኪያው እናንተ ናችሁ። የምታዩትን ትነግሩናላችሁ፤ መምህሯም የምታየውን ትነግረናለች። እኛ ደግሞ ስትጫወቱ በካሜራ እናያለን።»

ለየብቻ የሚሞላ መጠይቅ ተሰጣቸው። ሲከለከል ይጮሃል ወይ? ሰው ይመታል ወይ? ሆን ብሎ ዕቃ ይሰብራል ወይ? መልሱ «በጭራሽ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «ሁልጊዜ» ነው። የሺዓለም «ሁልጊዜ» ላይ ምልክት እያደረገች ስትወርድ ልጇን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የከሰሰቻት መሰላት። ቀና ብላ ስታይ እምሩ «በጭራሽ»ና «አንዳንዴ» ላይ ተረጋግቶ ምልክት ያደርጋል።

ከግቢው እንደወጡ ያዘችው።

«ለምን ትዋሻለህ?»

«የቱን ዋሸሁ?»

«ዕቃ አትሰብርም ብለሃል።»

«እኔ ፊት ሰብራ አታውቅማ።»

«አንተ ስትመጣ እኮ ተኝታለች!»

«ታዲያ የተኛችን ልጅ ምን ብዬ ልክሰሳት?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በዕረፍት ቀኑም ቢሆን ጸሎት የጠየቀችውን ሁሉ ስለሚሰጣት ከአባቷ ጋር የምትጣላበት ምክንያት የላትም። ይህን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ጸሎት ኮፍያዋን አውልቃ መንገድ መሃል ወረወረችና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ።

ሕክምናው እንዲህ ነበር። የሺዓለምና ጸሎት መጫወቻ ያለበት ክፍል ይገባሉ፤ ጽዮን ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ማዶ ሆና የሺዓለም ጆሮ ላይ በተሰካ ማዳመጫ ትናገራለች። ልጅቷ ጥሩ ነገር ስታደርግ ወዲያው ማመስገን። የምታስቸግረውን፣ ሰው እስካልጎዳ ድረስ፣ እንዳላዩ ማለፍ። ማዘዝ ካስፈለገ አጭርና ግልጽ አድርጎ ማዘዝ፣ ካዘዙ ደግሞ ቃልን አለማጠፍ። ቤትም በየቀኑ እንዲሁ አብሮ መጫወት።

ሲወራ ቀላል ነው። የሺዓለም ግን እናቷ አንድ ቀን አመስግናት የማታውቅ ሴት ናት፤ «ቀዩን ኩብ በእርጋታ ስለሰጠሽኝ ጎበዝ!» ስትል መጀመሪያ ላይ የኳስ ጨዋታ የምታስተላልፍ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ «አሁን ግድግዳውን ትሠሪያለሽ፣ አሁን ጣራውን ትከድኛለሽ፣ እሰይ!» እያለች ስትጫወት እትዬ ከዲጃ ከችፑዱ ማዶ ድምፅ አሰሙ።

«የሺዬ፣ ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም የለም እትዬ። ከጸሎት ጋር ነው።»

«እኔማ እንግዳ መስሎኝ። እንዲህ በክብር ስታናግሪው ጊዜ!»

እያደር ግን አፏ ለመደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸሎት ጭራሽ ባሰባት፤ ጽዮን «ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ይጽኑ» አለቻት፤ ጸናች። ከዚያ አንድ ከሰዓት የሺዓለም «ሪሞቱን እጄ ላይ አድርጊ» ብላ አዘዘቻት። ጸሎት ሪሞቱን አየችው፤ ግድግዳውን አየችው። ልጅቷ ቀስ ብላ መጥታ ሪሞቱን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ማመስገኑ ሁሉ ጠፍቶባት የሺዓለም ወደ እምሩ ደወለች።

«ሰጠችኝ!»

«ምኑን?»

«ሪሞቱን! በእጇ፣ በሰላም ሰጠችኝ!»

እምሩ ማጉያውን ከዓይኑ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

በመሃል ሲለካ ጽዮን ኮምፒዩተሯን አዙራ የአስቸጋሪነቷን ልክ የሚያሳይ፣ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አሳየቻት። የመጀመሪያው ነጥብ ከላይ ነው፣ አሁን ያለችበት ደግሞ እዚህ ታች። የሺዓለም መስመሩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ኬክ ቤቱ ሰው ሲቀንስ አውጥታ ታየዋለች። አስተናጋጆቹ «ማንን ነው እንዲህ ፈገግ ብለሽ የምታዪው?» ሲሏት ትደብቃለች።

በመጨረሻው ቀን እምሩ የእሱን መጠይቅ ሞልቶ ላከና እናትና ልጅ ብቻቸውን ሄዱ። ጸሎት ያን ቀን መልአክ ነበረች። «ኩቦቹን ሳጥኑ ውስጥ ክተቺ» ስትባል ከተተች። «ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ» ስትባል ቁጭ አለች። ጽዮን ቪዲዮውን ስታሳያት የሺዓለም እዚያ ያለችውን ረጋ ያለች እናትና ያቺን ታዛዥ ልጅ ማመን አቃታት። «እኛ ነን?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ መጠይቁ መጣ። ሲከለከል ይጮሃል ወይ? የሺዓለም እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። ትላንት ጥርስሽን ልቦርሽሽ ስትባል ጮሃለች። ከትላንት ወዲያም ጮሃለች። ግን ድሮ የምትጮኸው ድምጿ እስኪዘጋ ነበር፤ አሁን ቶሎ ይበርድላታል። ወይስ ጆሮዬ ነው የለመደው? ለመሆኑ «ብዙ ጊዜ» የሚባለው የቱ ነው፣ «አንዳንዴ» የሚባለውስ? ሌላዋን እናት የሚያስለቅሳት ቀን ለእኔ የዕረፍት ቀን ነው። «አንዳንዴ» ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥሎ ያለውም ላይ «አንዳንዴ»። የዚያን ቀጣይም። አልዋሸችም፤ እውነቱን መናገሯንም ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ጽዮን ደምራ ስትጨርስ ፊቷ በራ።

«ከምንፈራው መስመር በታች ወርዳለች! አሁን ከዕድሜ እኩዮቿ ብዙም አትለይም ማለት ነው። የአባቷም ዝቅ ያለ ነው።»

«የመምህሯስ?»

ጽዮን አንዱን ወረቀት አገላበጠች። «የመምህሯ አልወረደም። ግን በመሃል መምህር ተቀይሯል፤ የመጀመሪያዋ የሞላችውን አዲሷ ከሞላችው ጋር ማወዳደር ይከብዳል። የእናንተ መልስና ቪዲዮው አንድ ላይ ሲታዩ ግን ለውጡ ግልጽ ነው።»

የሺዓለም አንድ ነገር መናገር ፈለገች። ገና ነን፣ ጥቂት ይጨመርልን የሚል ዓይነት ነገር። ግን የጽዮንን ደስታ አየች፤ በተከፈተው በር በኩል ተራቸውን የሚጠብቁትን እናቶች አየች፤ ለአቶ በርሄ የሚጻፈው ደብዳቤ ትዝ አላት። «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብቻ አለች። ለጸሎት በቀለም ያሸበረቀ፣ ስሟ የተጻፈበት ሰርተፍኬት ተሰጣት፤ ተጨበጨበላት።

ከክሊኒኩ ወጥተው ወደ ታክሲ መያዣው ሲወርዱ ሙዚየሙ አካባቢ ፊኛ የሚሸጥ ሰው ቆሟል።

«ፊኛ!» አለች ጸሎት።

«ዛሬ ፊኛ አንገዛም።»

አፍታም አልቆየችም። ጸሎት ሰርተፍኬቱን ለሁለት ቀደደችውና የእግረኛው መንገድ ላይ ተዘረጋች። እየጮኸች ተረከዟን ከንጣፉ ጋር ታላጋው ጀመር። የሺዓለም እንደተማረችው አደረገች። ዘወር ብላ ቆመች፤ ዓይኗን አላሳየቻትም፤ ቃል አልወጣትም። በክሊኒኩ ክፍል ይህን ስታደርግ የምታያት ጽዮን ብቻ ነበረች። እዚህ ግን መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

«እህት፣ ልጅሽ እኮ ወደቀችብሽ!»

«ኧረ አንሺያት፣ ምን ዓይነት እናት ናት!»

«አንድ ሁለት ብታቀምሻት ታቆም ነበር» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እናቷ አትመስለኝም» አለች ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት። «እናቷ ብትሆን እንዲህ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች?»

ይህ ቃል ባንዴ ተቀጣጠለ። እናቷ አይደለችም እንዴ? ታዲያ ከየት አመጣቻት? ክቡ እየጠበበ መጣ፤ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ የጀመረም ነበር። ከመስቀለኛው መንገድ አንድ ፖሊስ ሰዉን እየከፈለ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ክፋት የለም።

«ልጅቷ የእርስዎ ናት?»

«የኔ ናት።»

ጎንበስ አለና «ሚሚ፣ ይቺ እናትሽ ናት?» አላት።

ጸሎት ንፍጧን በክንዷ ጠረገች። የሺዓለምን ትኩር ብላ አየቻት።

«አይደለችም!»

ሰዉ አጉረመረመ። የሺዓለም ስልኳን አወጣችና የልደቱን፣ የጥምቀቱን፣ ሦስቱም አብረው የተነሱትን ፎቶ እያገላበጠች አሳየችው። በፎቶዎቹ መሃል ያ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ምንም አይደለም» አለችና በጣቷ አሳለፈችው።

ፖሊሱ ከስልኩ ቀና አለ። «በሉ ተበተኑ፤ ልጅ ነው፣ ያስቸግራል» ብሎ ሰዉን በተነላት። ጸሎት ግን እንደተዘረጋች ነው። የሺዓለም ሄዳ ፊኛውን ገዛች። ልጅቷ ክሩን እንደጨበጠች ዝም አለች፤ ተነሥታም «እማዬ፣ ቀይ ነው» አለቻት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ለእምሩ ሁሉንም ነገረችው። «ደክሟት ይሆናል» አለ። «ተመርቃ የለ እንዴ?»

ደብዳቤው ለአቶ በርሄ ደረሰና ጸሎት እስከ ክረምት እዚያው ቆየች። ደህና ቀንም ነበራት፣ ክፉ ቀንም ነበራት። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከእትዬ ከዲጃ ጋር ሆነ። አንድ ከሰዓት በዝናብ ውጭ ልውጣ አለች፤ እትዬ ከዲጃ በሩ ላይ ቆመው ከለከሏት። የሺዓለም ከሥራ ተጠርታ በሩጫ ስትደርስ አሮጊቷ ከበሩ ደረጃ ሥር ተቀምጠው የግራ እጃቸውን በቀኛቸው አቅፈዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አዳልጦኝ ነው የሺዬ፣ ወላሂ አዳልጦኝ ነው» አሉ።

ጸሎት ከበሩ ጥግ ተኮራምታ ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ የገፋኋት» አለች። ድምጿ ውስጥ ኩራትም ጸጸትም አልነበረበትም፤ እንዲያው የሆነውን ተናገረች።

እጃቸው ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ ልጃቸው ጁወይሪያ መጣች። የሺዓለምን ለብቻዋ ጠርታ እጇን ያዘቻት።

«የሺ፣ እህቴ ነሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እናቴ ግን ከእንግዲህ አይችሉም። እሳቸውን ብትጠይቂ አምጫት ነው የሚሉሽ፤ እባክሽ አትጠይቂያቸው።»

«እንዴት እቀየምሻለሁ?» አለች የሺዓለም።

ትምህርት ሲከፈት አቶ በርሄም ብዙ አልታገሡም። ጸሎት የአንዲት ልጅ ፀጉር ይዛ ከወለሉ ጋር ስታጋጫት መምህሯ በግድ ነው ያላቀቀቻት። «ደብዳቤው ተሽሏታል ይላል» አሉ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው። «እኔ ደብዳቤውን አምኜ ተከራክሬልዎታለሁ። የማየው ግን ይህን ነው። ምን ላድርግ?» የሺዓለም የልጇን ቦርሳና ምሳ ዕቃ ተቀብላ ወጣች።

ኬክ ቤቱን ለመልቀቅ ተተኪ እስኪገኝ ጥቂት ቀን ያስፈልግ ነበርና እምሩ «እኔ እይዛታለሁ» ብሎ ጸሎትን ሥራ ቦታው ወሰዳት። እስከ ረፋድ ድረስ ሥዕል ስትስል ቆየች። ከዚያ የሚበይድበትን እሳት ልንካ አለች፤ ከለከላት። ምናልባትም አባቷ እንቢ ሲላት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ክንዷ ጠራርጋ አወረደችው፤ ቀለበቱን፣ ወረንጦውን፣ በትንሽ ሳህን የተጠራቀመውን የወርቅ ብናኝ። አባቷ ሊይዛት ሲል እጁን ነክሳ አልለቅም አለች። እምሩና የወርቅ ቤቱ ባለቤት ቀሪውን ቀን ተንበርክከው ወለሉን በብሩሽ ሲጠርጉ ዋሉ።

ቤት ሲገባ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «የሺ» አላት። «በየቀኑ እንዲህ ነው?»

«በየቀኑ አይደለም» አለች። «አንዳንዴ» ልትል ብላ ተወችው።

የሺዓለም ሥራ ለቀቀች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ የሚያውቋት ሁሉ «ጸሎት ተሻላት ወይ?» ይሏታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሰውም የፈለገውን ተረድቶ ያልፋል። ጽዮን የደወለችው በዚህ መሃል ነው። ወራቱ አልፎ የመጨረሻው መለኪያ ጊዜ ደርሶ ኖሯል።

ሦስቱም ሄዱ። ኮሪደሩ ዛሬም ሙሉ ነው፤ ፊቶቹ ብቻ ተቀይረዋል። መጠይቁን ለየብቻ ሞሉ። የሺዓለም በዚህ ጊዜ አልተጨነቀችም፤ እጇ ራሱ ይሄድ ነበር። ጽዮን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየች።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የእናትና የአባት መልስ አንድ ሆነ» አለች ቀስ ብላ። ኮምፒዩተሩን ግን ወደ እነሱ አላዞረችውም።

«ያው ነች አይደል?» አለ እምሩ።

«የመጀመሪያው ቀን ከነበረችበት ትንሽ ከፍ ትላለች።»

ጸሎት በክፍሉ ጥግ ኩቦቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ትወረውራለች። ሦስቱም አዩዋት።

«ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?» አለች የሺዓለም።

«ምንም። ቪዲዮዎቹ ሁሉ አሉኝ፣ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። የተባሉትን ሁሉ በትክክል አድርገዋል።»

የሺዓለም ጥፋትዎ ይህ ነው ብትባል ይሻላት ነበር። ጥፋት ቢገኝ ይታረማል። «ያን ጊዜ ሁልጊዜ ብዬ ብሞላውስ ኖሮ?»

ጽዮን ዓይኗን ሰበረች። «ጥቂት ሳምንት እንጨምር ነበር። ያ ለውጥ ያመጣ ነበር ወይ ካሉኝ አላውቅም። ብዙዎቹን ልጆች ይረዳል፤ አንዳንዶቹን አይረዳም። የቱን እንደሚረዳ አስቀድሞ የሚነግረን ነገር የለም። እኔ የምችለው መለካት ነበር፤ እሱንም ቢሆን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ሌላውን ሳላይ ቀረሁ።» አንድ ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። «ወደ ሆስፒታል እልካችኋለሁ። የልጆች ሐኪም አለ። ወረፋው ግን ረጅም ነው።»

እምሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋላት። ምን ብሎ እንደሚያመሰግናት ስላላወቀ «በርቺ» አላት።

ወረፋው እውነትም ረጅም ነበር። ቀጠሮው የደረሰው እነሱ ከጠበቁት ቆይቶ ነው። ያን ቀን ማለዳ የሺዓለም ጸሎትን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ አዲሱን ሹራብ አለበሰቻት። እምሩ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፤ ያስጠሩት ታክሲ ደጅ ቆሟል። ያን ጊዜ ጸሎት ጫማ አላደርግም አለች።

የሺዓለም አጭርና ግልጽ አድርጋ አዘዘቻት። አላደረገችም። እምሩ ከነባዶ እግሯ ሊሸከማት ሲያነሳት ፊቱን ቧጠጠችው፤ አወረዳት። ውጭ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። «መጣን!» አለ እምሩ፤ ግን አልተነቃነቀም።

የሺዓለም ወለሉ ላይ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እምሩም ጉንጩን በመሀረብ እንደያዘ ከወዲያ በኩል ተቀመጠ። ጸሎት በመሃላቸው ሁለቱን ጫማዎች ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። አሁን ለቅሶዋ ቁጣ የለበትም፤ እሷም ምን እንደምትፈልግ ያወቀች አትመስልም። የሺዓለም እጇን ጀርባዋ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋችና ትብስባት ይሆናል ብላ መለሰችው።

ሾፌሩ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ድምፁም በቁልቁለቱ እየራቀ ሄደ።